«እሺ» በሰማይ ላይ አይበቃም

ባለፈው በጋ አንድ ቀን ጧት በወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። በዚያን ጊዜ እህል የጫነ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ወደ አንድ መጋዘን በር ይጠጋል። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ እንደ ልማዱ «ና! ና! ና!» ይላል። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን በመስኮት ቢያወጡም አቧራውና የሰዉ ግርግር አላሳያቸውም። ከበሩ በስተግራ አንዲት እናት ጀበናና ምጣድ ደርድረው ይሸጣሉ። ረዳቱ ድንገት «ይበቃል!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩም «እሺ!» ብለው መለሱና መኪናውን ጨክነው ወደ ኋላ ነዱት። ወዲያው የሸክላ መሰባበር ድምፅ ተሰማ።

ጠብ ተነሣ። ረዳቱ «ጋሼ፣ ይበቃል ብያለሁ እኮ! ይቁሙ ማለቴ ነው» አለ። ሾፌሩም «አንተ ልጅ፣ ይበቃል ማለትህንማ ሰምቻለሁ፤ ቦታው ይበቃል፣ ይግቡ ያልኸኝ መስሎኝ ነው እንጂ!» ብለው መለሱ። እንግዲህ ፍርድ ስጥ ቢባል ማን ይፈረድበታል? አንደኛው የተናገረው ቃልና ሁለተኛው የሰማው ቃል አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን በመካከላቸው ባለው ጥቂት እርምጃ ውስጥ ተገለበጠ። ባለሸክላዋ እናት ብቻ እውነቱን ተናገሩ። «ልጆቼ፣ እናንተ ተግባባችሁም አልተግባባችሁም እህሉ መጋዘን ይገባል፤ የኔን ጀበና ግን ማን ይጠግንልኛል?» አሉ።

ክርክሩ ገና ሳይበርድ ከራሳችን በላይ የአይሮፕላን ድምፅ ሰማሁ። በወልቂጤ የአይሮፕላን ማረፊያ የለም፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ከተማይቱ ከመስመሩ እኩሌታ ገደማ ላይ ትገኛለች። ቀና ብዬ ሳየው ያ ከላይ ያለው አብራሪ ከኛ ሾፌር እምብዛም እንደማይለይ ታሰበኝ። እርሱም በደመና ወይም በጨለማ ውስጥ ሲሆን ከበስተኋላውና ከበታቹ ማን እንዳለ አያይም። መንገዱን የሚነግረው አንድ የማያየው ሰው ነው፤ ያም ሰው በምድር ላይ ተቀምጦ በራዲዮ የሚናገር ያየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነው። በዚያ ሥፍራ «ይበቃል» የሚል ቃል ቢሳሳት የሚሰበረው ጀበና አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ሐሳብ ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። አብራሪና ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩት እንደ ቴሌፎን ሁለቱም ባንድ ጊዜ እየተናገሩ አይደለም። በአንድ የራዲዮ መስመር ላይ ብዙ አይሮፕላኖች ይገኛሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ዝም ብለው ማድመጥ አለባቸው። ሁለት ሰዎች ባንድ ቅጽበት የተናገሩ እንደ ሆነ የሁለቱም ቃል ይጠፋና በጆሮ የሚሰማው ፉጨት ብቻ ይሆናል። የተናጋሪው ፊት አይታይም፤ እጁም ሲወዛወዝ አይታይም። ከዚህም በቀር የሚነጋገሩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የተለያየ አገር ተወላጆች ስለ ሆኑ የጋራ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛውን ግን አንዱ በአማርኛ ለዛ፣ አንዱ በስፓንኛ፣ ሌላው በቻይንኛ ለዛ ይናገረዋል። እኛ የወልቂጤ ሰዎች ይህ አይገርመንም። በገበያ ቀን ጉራጊኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ቀቤንኛ ባንድ መደብ ላይ ይሰማሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ነጋዴ «ላማ» ሲል ሁለት ማለቱ ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ላም የሚሸጥ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለ የቁጥር ስሕተት በሰማይ ላይ በእውነት ደርሷል። የካቲት 12 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ የዕቃ ማመላለሻ አይሮፕላን፣ ቦይንግ 747 የተባለው ዓይነት፣ ከሲንጋፖር ተነሥቶ በማሌዥያ ዋና ከተማ በኳላ ላምፑር ለማረፍ ይቃረብ ነበር። ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ ዝቅ እንዲሉ ፈልጎ በእንግሊዝኛ «ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» አላቸው። በእንግሊዝኛ «ቱ» ማለት ሁለት ማለት ነው፤ ደግሞም «ወደ» ማለት ነው። ከአይሮፕላኑ የተሰጠው መልስ «ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ» የሚል ሆነ፤ ይኸውም እሺ፣ ወደ 400 ጫማ እንወርዳለን ማለት ነው። ተቆጣጣሪው የመለሱለትን ቁጥር ልብ ብሎ ቢያደምጥ ኖሮ ስሕተቱ በዚያው ቅጽበት ይታረም ነበር፤ ነገር ግን አለፈው። በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ቢጮህም ከኮረብታ ጋር ተጋጩ፤ አራቱም ሠራተኞች ሞቱ። አንዲት «ቱ» የምትባል ቃል በ2,000 ጫማ ያህል አሳሳተቻቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔን ግዛት በቴነሪፍ ደሴት የደረሰው አደጋ ነው። በዚያን ቀን በአጎራባቹ ደሴት በግራን ካናሪያ የአይሮፕላን ጣቢያ ቦምብ ስለ ፈነዳ ብዙ አይሮፕላኖች ወደ ቴነሪፍ ትንሽ ጣቢያ እንዲዞሩ ተደረገ። ከነዚህ መካከል ኬ.ኤል.ኤም. የተባለው የሆላንድ አየር መንገድና ፓን አም የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ሁለት ታላላቅ ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች ነበሩ። ወደ ማታ ላይ ጭጋግ ወረደ። የሆላንዱ አይሮፕላን በመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሟል፤ የአሜሪካው ደግሞ ገና በዚያው መንደርደሪያ ላይ እየተጓዘ ነው። አንዱ ሌላውን አያይም፤ ተቆጣጣሪውም ሁለቱንም አያይም።

ተቆጣጣሪው ለሆላንዱ አይሮፕላን ከተነሣ በኋላ የሚከተለውን መንገድ ነገረው። ይህ የመንገድ ፈቃድ እንጂ የመነሣት ፈቃድ አልነበረም፤ ነገር ግን በንግግሩ መካከል «መነሣት» የሚለው ቃል ገብቶ ነበር። ረዳት አብራሪው የተባለውን ደግሞ ካነበበ በኋላ «አሁን በመነሣት ላይ ነን» የሚል ቃል ጨመረበት። በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ይህ አነጋገር ሁለት ፊት አለው፤ ለመነሣት ተዘጋጅተን ቆመናል ማለት ሊሆን ይችላል፤ መንደርደር ጀምረናል ማለትም ይሆናል። ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን መስሎት «ኦኬ» ብሎ መለሰ። ከዚያም ጥቂት ዘግይቶ ለመነሣት እንዲጠብቁና እንደሚጠራቸው ተናገረ። በዚያው ቅጽበት የአሜሪካው አይሮፕላን ሰዎች ገና በመንደርደሪያው ላይ መሆናቸውን በራዲዮ አስታወቁ። ሁለቱ ድምፆች ተጋጩና በሆላንዱ አይሮፕላን ውስጥ በግልጽ የተሰማው ያ «ኦኬ» ብቻ ሆነ፤ የቀረው ፉጨት ነበር።

በዚህ ላይ የሚያሳዝን አንድ ነገር አለ። በሆላንዱ አይሮፕላን ክፍል ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ነገሩ አጠራጥሮት ያ የአሜሪካ አይሮፕላን ገና ከመንደርደሪያው አልወጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ በአየር መንገዱ ዘንድ እጅግ የተከበሩና ፎቶግራፋቸው በማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ሰው ነበሩ። ወጥቷል ብለው በእርግጠኝነት መለሱ። መሐንዲሱም ሁለተኛ አልጠየቀም። ጥቂት ሴኮንዶች ካለፉ በኋላ ሁለቱ አይሮፕላኖች ተጋጩና 583 ሰዎች ሞቱ። ከሆላንዱ አይሮፕላን አንድም ሰው አልተረፈም፤ ከአሜሪካው 61 ሰዎች ብቻ ዳኑ። በሲቪል አቪየሽን ታሪክ ከደረሱት የአይሮፕላን አደጋዎች ሁሉ ይህን ያህል ሕይወት ያጠፋ የለም።

ሦስተኛው ታሪክ ደግሞ የይሉኝታ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. አቪያንካ የተባለው የኮሎምቢያ አየር መንገድ አይሮፕላን ወደ ኒው ዮርክ እየተጓዘ ሳለ ያየሩ ሁኔታ ክፉ ስለ ነበር ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዲዞር ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ሄደ። ዋናው አብራሪ እንግሊዝኛ እምብዛም ስለማይችሉ በራዲዮ የሚናገረው ረዳቱ ነበር። አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው እያሉ አዘዙት። እርሱ ግን ቅድሚያ እንዲሰጣቸው፣ ነዳጅም እያለቀባቸው እንደ ሆነ ተናገረ እንጂ በአቪየሽን ደንብ ሁሉን ሥራ አስጥሎ መንገድ የሚያስከፍተውን የአደጋ ጥሪ ቃል አልተናገረም። ተቆጣጣሪዎቹም ነገሩ ይህን ያህል የከፋ አልመሰላቸውም። አይሮፕላኑ አራቱም ሞተሮቹ ቆመው በሎንግ አይላንድ ኮረብታ ላይ ወደቀ፤ ከ158 ሰዎች 73 ሞቱ። በትሕትና የተነገረ ጭንቀት እንደ ጭንቀት ሳይሰማ ቀረ።

ምናልባት አንባቢ፣ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው ይል ይሆናል። ከመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ይኸውም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ከበረረበት ቀን አንሥቶ፣ የኛም ሰዎች በዚህ የራዲዮ ንግግር ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ የኛንም ነገር መመርመር ይገባል።

መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ በምዕራባውያን አቆጣጠርም የፋሲካ በዓል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አንድ የዕቃ ማመላለሻ አይሮፕላን በዛምቢያ ወደምትገኘው ንዶላ ከተማ በረረ። በንዶላ በዚያን ጊዜ ሁለት የአይሮፕላን ጣቢያዎች ነበሩ፤ አንደኛው ይሠራበት የነበረው ሲሞን ምዋንሳ ካፕዌፕዌ የተባለው ነው፤ ሁለተኛው ገና በመሠራት ላይ ያለው የኮፐርቤልት ጣቢያ ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ መንደርደሪያቸውም ወደ አንድ አቅጣጫ የተዘረጋ ነው። አብራሪው ከአሮጌው ጣቢያ ጋር በራዲዮ እየተነጋገረ፣ ሥራው ባላለቀው በአዲሱ ጣቢያ ላይ አረፈ። በኋላ አንድ የዛምቢያ ባለሥልጣን ሲያስረዱ፣ ከጣቢያው «አናይህም» ተብሎ ነበር፤ እርሱ ግን በዐይኑ የሚያየውን መንደርደሪያ ተከትሎ ወረደ አሉ። በዚያው ቀን አንድ ሌላ የአየር መንገዱ የመንገደኞች አይሮፕላን ያንኑ ስሕተት ሊደግም ጥቂት ቀርቶት ነበር። አየር መንገዱ በበኩሉ ስለ አዲሱ ጣቢያ ለአብራሪዎች ሊወጣ የሚገባው ማስታወቂያ እንዳልወጣና ሁለቱ ጣቢያዎች እጅግ እንደሚመሳሰሉ አስታወቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም ሰው አልተጎዳም።

እስቲ ይህን «አናይህም» የሚል ቃል ከወልቂጤው «ይበቃል» ጋር እናስተያየው። ለሚናገረው ሰው የማስጠንቀቂያ ቃል ነው፤ የምታርፈው እኔ ባለሁበት ከሆነ ላይህ ይገባኝ ነበር ማለት ነው። መንደርደሪያውን በዐይኑ እያየ ለሚወርድ አብራሪ ግን፣ እነርሱ ባያዩኝ እኔ አያለሁ የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እኔ መንደርደሪያውን አያለሁ፤ እናንተ ካላያችሁኝ የማየው የማንን ነው?» የሚል ጥያቄ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚጎዳው የተሳሳተ ቃል ሳይሆን ዝምታ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን መውረድ በሚገባው ጊዜ ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ የቦሌን መንደርደሪያ አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎቹ ደጋግመው ቢጠሩት መልስ አላገኙም። በኋላ ግንኙነቱ ተመልሶ በሰላም አረፈ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበር በዓለም የአቪየሽን ጋዜጦች ተጻፈ፤ አየር መንገዱም ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ነበር አምኖ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ሠራተኞቹን ከበረራ አገለለ። ከዚህ የምንማረው፣ መልስ ያላገኘ ቃል እንዳልተነገረ ቃል የሚቆጠር መሆኑን ነው።

እንግዲህ የዓለም ሕዝቦች ከነዚህ አደጋዎች ምን ተማሩ? የዓለም ሲቪል አቪየሽን ድርጅት ባወጣው ሕግ፣ አብራሪ ከተቆጣጣሪ የተሰጠውን ፈቃድ፣ ከፍታና አቅጣጫ የመሳሰለውን ዋና ትእዛዝ ሁሉ በራሱ አፍ መልሶ መናገር አለበት። ተቆጣጣሪውም መልሱን አድምጦ ስሕተት ቢያገኝ ወዲያው ማረም ግዴታው ነው። «ሮጀር» የሚለው ዝነኛ ቃል ብዙዎች እንደሚያስቡት እሺ ማለት አይደለም፤ የተናገርኸው በሙሉ ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው። ትእዛዙን እፈጽማለሁ ለማለት «ዊልኮ» የሚባል ሌላ ቃል አለ። ሰምቻለሁ ማለትና እፈጽማለሁ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ ሁለት ቃል ተሰጣቸው። ያልሰማ ሰው ድገምልኝ ማለት ይችላል፤ ለዚህም የተወሰነ ቃል አለው፤ የሚያፍርበትም ምክንያት የለም።

ቁጥርም እንዲሁ ሥርዓት ወጣለት። በእንግሊዝኛ አምስትና ዘጠኝ በራዲዮ ሲሰሙ ስለሚመሳሰሉ አምስቱ «ፋይፍ»፣ ዘጠኙ «ናይነር» እየተባለ ይነገራል። ከቴነሪፍ አደጋ በኋላ ደግሞ «መነሣት» የሚለው ቃል ከመነሻ ፈቃድ ወይም ፈቃዱን ከመሰረዝ በቀር በሌላ ቦታ እንዳይነገር ተወሰነ፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ በሌላ ቃል ይተካል። ስለ ነዳጅም የሚነገረው ቃል ተለይቶ ተወሰነ፤ ነዳጁ ሊያልቅ የተቃረበ አብራሪ «ሜይዴይ» የሚለውን የአደጋ ጥሪ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ነዳጅ መሆኑን ይናገራል። ከእ.ኤ.አ. 2008 ዓ.ም. ጀምሮም በዓለም አቀፍ መሥመር የሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታቸው ተፈትኖ ከስድስት ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን ማግኘት ይገባቸዋል። ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍል ትእዛዙ በጽሑፍ ተልኮ በአብራሪው ፊት ባለው መስታወት ላይ ይነበባል፤ ነገር ግን ለመነሣትና ለማረፍ በሚደረገው ጥድፊያ ጊዜ ዋናው መሣሪያ እስካሁን የሰው ድምፅና የሰው ጆሮ ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ከልቤ ገባ። ተሰብስበው ይህን ሕግ ያወጡት ሊቃውንት ያገኙት ጥበብ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በልጅነቴ አያቴ ወደ ገበያ ሲልኩኝ ዝም ብለው አይልኩኝም ነበር። «ጨው፣ ቅቤና ሁለት ክር አምጣ፤ ቅቤውን ከበር አጠገብ ከምትሸጠው እንዳትገዛ» ካሉኝ በኋላ ሩጫ ስጀምር «ና ተመለስ! ምን ብዬ ላክሁህ?» ይሉኛል። እኔም ቃል በቃል እመልሳለሁ። ክሩን ብረሳ «ክሩስ?» ይላሉ። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪም የተነገረውን በቃሉ መልሶ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። በጥንት ጊዜም ደብዳቤ በሌለበት አገር የቃል መልእክተኛ የሚላከው የተነገረውን ደግሞ ካሰማ በኋላ ነበር። ታዲያ አያቶቻችን ያውቁት የነበረውን ይህን ሥርዓት እኛ የተማርነው ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ለምን ጥለነው ገባን?

መልሱን ከራሴ ነውር ልናገር። ዲግሪዬን ተቀብዬ በወልቂጤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ወር አለቃዬ ጠርተው «ነገ ከውጭ አገር የመጡት እንግዳ በ8 ሰዓት እዚህ ይደርሳሉ፤ ስለ ምርጥ ዘሩ እንዲነጋገሩ ገበሬዎቹን ጥራቸው» አሉኝ። «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ፣ በማን ሰዓት ይሆን ብዬ አሰብሁ። የውጭ አገር ሰው 8 ሰዓት ሲል የኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ተመልሼ ብጠይቅ ግን፣ ይህንንም የማያውቅ ምን ተማርሁ ይላል የሚሉኝ መሰለኝና ተውሁት። ገበሬዎቹን ከቀኑ 8 ሰዓት እንዲመጡ አስጠራሁ።

እንግዳው ከጧቱ 2 ሰዓት ደረሱ፤ አዳራሹ ባዶ ነበር። ጠብቀው ጠብቀው ቀጠሮ ስለ ነበራቸው ከቀትር በፊት ወደ ጅማ ሄዱ። ከቀትር በኋላ ገበሬዎቹ ከየቀበሌው በእግራቸው መጡ፤ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ትተው ሦስት ሰዓት ተጉዘዋል። አንድ ሽማግሌ በበትራቸው ተደግፈው «ልጄ፣ የጠራኸን አንተ ነህን?» አሉኝ። ነኝ አልሁ። «እንግዳውስ?» አሉ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። የዘሩ ጉዳይ ወደ ሌላ ወር ተላለፈ፤ የዘር ጊዜ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። አለቃዬ ቢቆጡኝ እወድ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ስሕተቱ የኔም ነው፤ ሰዓቱን ለይቼ አልነገርሁህም» አሉኝ። ይህ የበለጠ ቆረጠኝ፤ ምክንያቱም እርሳቸው ሳያውቁ ነው የተሳሳቱት፤ እኔ ግን ጥርጣሬውን በልቤ ይዤ ነው ዝም ያልሁት። የቴነሪፉ መሐንዲስስ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጠይቆ ነበር።

በአቪየሽን ግን እንዲህ ያለ የሰዓት ነገር እንዳይኖር ዓለም በሙሉ በአንድ ሰዓት ይቆጥራል። የኛ ከጧቱ 2 ሰዓት በውጭ አገር ሰው አነጋገር ጧት 8 ሰዓት ነው፤ በአብራሪዎች አቆጣጠር ደግሞ 5 ሰዓት ይባላል። ሰማዩ እንደ ምድሩ ሰፊ ጊዜ ስለማይሰጥ የትኛው ሰዓት እንደ ሆነ አስቀድሞ ተወስኗል።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላሉ አባቶቻችን። በሽምግልናና በጉርብትና መካከል ይህ እውነት ነው፤ እሺ ብሎ ጠብን የሚያበርድ ሰው ከሺህ ብር የሚበልጥ ሀብት አለው። በሥራ ላይ ግን «እሺ» ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ነው። ሰምቻለሁ ማለት ይሆናል፤ ተስማምቻለሁ ማለት ይሆናል፤ እፈጽማለሁ ማለት ይሆናል፤ አልገባኝም፣ ነገር ግን አፍሬያለሁ ማለትም ይሆናል። ታዛዡ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ አዛዡ አያውቅም፤ አንዳንድ ጊዜ ታዛዡም ራሱ አያውቀውም። በቴነሪፍ የተነገረው «ኦኬ» በኛ ቋንቋ ቢተረጎም ሌላ ምንም አይደለም፤ «እሺ» ነው።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎችና እንደ እኔ ገና ወንበር የያዛችሁ ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ አንድ ቀላል ልማድ እንድንይዝ አሳስባለሁ። አለቃ ሲያዝዘን ከእሺ በፊት የታዘዝነውን በራሳችን አፍ እንመልስ። «ነገ ከጧቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአዳራሹ፤ እሺ» እንበል። ይህ አምስት ሴኮንድ ይፈጃል። አለቃው ቢሳሳቱ ራሳቸውን ያርማሉ፤ እኛ ብንሳሳት እነርሱ ያርሙናል። የገባንን ስንናገር ያልገባን ይገለጣል።

ለአለቆችም አንድ ቃል አለኝ፤ በትሕትና ይቅረብልኝና። መልሶ የሚጠይቃችሁን ወጣት እንደ ደንቆሮ ወይም እንደ ደፋር አትቁጠሩት። በአይሮፕላን ጣቢያ ደግሞ የማይናገር አብራሪ ይጠረጠራል እንጂ ደግሞ የሚናገር አይነወርም። ታዛዡ «እሺ» ብሎ ወደ በሩ ሲያመራ አያቴ ያደርጉ እንደ ነበር መልሱትና «ምን ብዬ ላክሁህ?» በሉት። የሚሰበረው አንዳንድ ጊዜ ጀበና ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የገበሬ ቀን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነ ነገር ነው። ካፍ የወጣ ቃል በትክክል መግባቱን የምናውቀው ከሰማው ሰው አፍ ተመልሶ ሲወጣ ብቻ ነው።